ትራውት በሮቢ ወንዝ ይኖራል ወይ? ሰው ዓሣ ይዞ ለመልቀቅ ዶላር የሚከፍልበት ሥራ እና የይፋት ወንዞች ዕጣ

ቲክቶክ ወይም ዩቲዩብ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። አንድ ሰውዬ እስከ ጉልበቱ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ረጅምና ቀጭን ዘንግ ወደ ኋላና ወደ ፊት ያወዛውዛል። ክሩ አየር ላይ እንደ ቡሄ ጅራፍ ይጠማዘዝና ቀስ ብሎ ውሃው ላይ ያርፋል። ትንሽ ቆይቶ ነጠብጣብ ያለበት የሚያምር ዓሣ ይይዛል። ፎቶ ይነሳል። ከዚያ መልሶ ይለቀዋል!

ይሄን ስናይ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ካልበላው ለምን ያዘው?

ጥያቄው ልክ ነው። ግን ቪዲዮውን ሌላ ጊዜ ስታዩት ከሰውዬው አጠገብ የቆመውን ሰው ተመልከቱ። ትንሽ መረብ የያዘው፣ "እዚያ ድንጋይ ሥር ጣለው" እያለ የሚያመላክተው። እሱ አስጎብኚ ነው። ዓሣው ቢለቀቅም እሱ ደሞዙን ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። ዛሬ ማውራት የፈለግነው ስለዚህኛው ሰው ሥራ ነው። ሥራው እንዴት ይሠራል? ኢትዮጵያ ውስጥስ አለ? ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ጀውሃ አካባቢ ላለ ሥራ ፈላጊ ወጣት ትርጉም ሊኖረው ይችላል?

አጭሩን መልስ አስቀድመን እንንገራችሁ፦ ትራውት በሮቢ አይኖርም። ሥራው ግን ጨርሶ የማይታሰብ አይደለም። ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ፍላይ ፊሺንግ ምንድን ነው?

"ፍላይ" ዝንብ ማለት ነው። ነገሩም እንደ ስሙ ነው። መንጠቆው ላይ የሚደረገው የምድር ትል ወይም የሥጋ ቁራጭ ሳይሆን ከላባ፣ ከእንስሳ ፀጉርና ከክር የተሠራ የውሸት ዝንብ ነው። ዓሣው እውነተኛ ነፍሳት መስሎት ሲጎርሰው ይያዛል።

ችግሩ ይሄ የውሸት ዝንብ ክብደት የለውም። እኛ ልጆች ሆነን በምናውቀው አያያዝ መንጠቆው ላይ ትል አለ፣ አንዳንዴ ድንጋይ ወይም እርሳስ ይታሰርበታል፣ ስትወረውሩት ክብደቱ ክሩን ይጎትታል። ላባ ግን ብትወረውሩት እግራችሁ ሥር ነው የሚወድቀው። ስለዚህ በፍላይ ፊሺንግ ክብደት ያለው ራሱ ክሩ ነው። ወፈር ያለ ልዩ ክር ነው፤ እያወዛወዙ ጉልበት ይሰጡትና ዝንቡን ይዞ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ደግሞ ዓሣው እንዳያየው በጣም ቀጭን የሆነ፣ እንደ መስታወት የጠራ ናይለን ይቀጠላል። ያ ሁሉ ማወዛወዝ ለፎቶ እንዲያምር ሳይሆን ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ብልሃት ወንዙን ማንበብ ነው። ትራውት በወራጅ ውሃ ውስጥ ፊቱን ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዙሮ ነው የሚቆመው። ጉልበቱን ላለመጨረስ ድንጋይ ጥግ ይጠለላል፣ ወራጁ ምግብ ሲያመጣለት ብቅ ብሎ ይለቅማል። ስለዚህ አጥማጁ ከኋላው፣ ከወንዙ በታች በኩል ቀስ ብሎ ይጠጋል። የውሸት ዝንቡም ልክ እንደ እውነተኛው በውሃው ፍጥነት መንሳፈፍ አለበት። ክሩ ትንሽ ከጎተተው ዓሣው ይነቃል። ዓሣን መብላት በብልሃት የሚለው ተረት እዚህ ገና ከመያዙ ይጀምራል ማለት ነው።

አስጎብኚው ምን ይሠራል?

ይሄ ሥራ በጣም ከሚታወቅባቸው ቦታዎች አንዱ በምዕራብ አሜሪካ የሚገኘው የሞንታና ግዛት ነው። ማዲሰን፣ የሎውስቶን፣ ቢግ ሆርን የሚባሉ ወንዞች አሉ። እዚያ አንድ ሙሉ ቀን ከአስጎብኚ ጋር ለማጥመድ ብዙ ጊዜ ከ500 ዶላር በላይ ይከፈላል። ጉርሻው ለብቻው ነው።

ደንበኛው በዚህ ገንዘብ የሚገዛው ዓሣውን አይደለም። ዓሣማ ገበያ ሄዶ በጥቂት ዶላር ያገኛል። የሚገዛው እውቀት ነው። አስጎብኚው ዛሬ የትኛው ነፍሳት ከውሃው እንደሚወጣ ያውቃል፣ ለዚያ የሚመስለውን ዝንብ ይመርጣል። የቱ ጋ መሻገር እንደሚቻልና የቱ ጋ ውሃው ሰው እንደሚወስድ ያውቃል። ጀማሪውን ያስተምራል፣ ምሳ ያዘጋጃል፣ ጀልባ ይቀዝፋል፣ ክር ሲተበተብ ይፈታል። ፈቃድ አለው፣ የመጀመሪያ እርዳታ ያውቃል።

ዓሣው የሚለቀቀውም ለጽድቅ ብቻ አይደለም፤ ሒሳብ ነው። አንድ ዓሣ ተበልቶ ካለቀ አንዴ ብቻ ነው የተሸጠው። ተለቅቆ ከኖረ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ደንበኛ ሊይዘው ይችላል። ለዚህ ሲባል መንጠቆው ላይ ያለችውን ወደ ኋላ የምትይዝ እሾህ ይጨፈልቋታል፣ ዓሣውን በደረቅ እጅ አይነኩም፣ ከውሃ ውጭም ከጥቂት ሰከንድ በላይ አያቆዩትም። ደረቅ እጅ በቆዳው ላይ ያለውን የሚያሙለጨልጭ መከላከያ ይገፍፍበታል።

ውሃው ከታመመ ሥራውም ይታመማል

ይሄን ክፍል ልብ በሉት፤ ወደ እኛ ወንዝ ስንመጣ ያስፈልገናል።

ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚፈልገው። የሚመቸው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል፣ ወደ 25 ሲጠጋ ሊሞት ይችላል። አንዱ ትልቅ ምክንያት ኦክስጅን ነው። ውሃ ሲሞቅ በውስጡ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ከፍታ 10 ዲግሪ ላይ አንድ ሊትር ውሃ 11 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ 25 ዲግሪ ላይ ወደ 8 ሚሊ ግራም ይወርዳል። የዓሣው ሰውነት ግን በሙቀት ጊዜ የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። የሚያገኘው ሲቀንስ የሚያስፈልገው ይጨምራል ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት ሞንታና ውስጥ የወንዝ ሙቀት ለ3 ተከታታይ ቀናት 23 ዲግሪ ገደማ ከደረሰ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ማጥመድ ሊከለከል ይችላል። ዓሣ አጥማጁ ገና በጠዋት ወጥቶ እስከ ምሳ ሰዓት ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ደግሞ የባሰ መጣ። የሎውስቶን ወንዝ ውስጥ በጥገኛ ተሕዋስ ምክንያት በሺዎች የሚቆጠሩ ዓሣዎች ሞቱ። ግዛቱ ከ290 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የወንዙን ክፍልና ገባሮቹን ለማንኛውም እንቅስቃሴ ዘጋ። ማጥመድ የለም፣ መዋኘት የለም፣ ጀልባ የለም። አስጎብኚው፣ የመኝታ ቤቱ ባለቤት፣ የዕቃ መሸጫው፣ ሁሉም ሥራ ፈታ። ሀብታም አገር ውስጥም ቢሆን ወንዙ ከታመመ ሥራው የለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ትራውት አለ?

አለ። ባሌ ውስጥ።

ታሪኩ ረጅም ጉዞ ነው። ትራውት የአፍሪካ ምድር ከምድር ወገብ በታችም ሆነ በላይ የተፈጥሮ ዓሣው አይደለም ማለት ይቻላል፤ በሰሜን አፍሪካ ተራሮች ካለው በቀር። እንግሊዞች ኬንያን ሲገዙ እ.ኤ.አ. በ1905 ከስኮትላንድ ቡናማ ትራውት አምጥተው አበርዴር ተራሮች ላይ ባሉ ወንዞች ለቀቁ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ከኬንያ ቡናማ ትራውትና ቀስተ ደመና ትራውት የሚባሉት ሁለቱ ዝርያዎች ወደ ባሌ ተራሮች መጡ። ዌብ፣ ዳንካና ሻያ በሚባሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ተለቀቁና ተራቡ። እስከ ዛሬ አሉ።

ለምን ባሌ? ከፍታው ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። የሰኔቲ አምባ ደግሞ ከ4,000 ያልፋል። ውሃው ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወደዚያ የሚሄደው ጎብኚ ዋና ሐሳቡ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ማየት ነው፤ ጥቂቱ ግን ዘንጉን ይዞ ነው የሚመጣው። ቦታው ፓርክ ስለሆነ ዝም ብሎ ሄዶ መንጠቆ መጣል አይቻልም፤ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የዲንሾ ወጣቶች ከዚህ እንዴት ይጠቀማሉ? አንድ ጎብኚ ሲመጣ አስጎብኚ ይቀጥራል፣ ዕቃውን የሚጭን ፈረስ ከነባለቤቱ ይከራያል፣ ምግብ የሚያበስል ሰው ይፈልጋል፣ እንቁላልና ዳቦ ከመንደሩ ይገዛል። አስጎብኚዎቹና ባለፈረሶቹ በማኅበር ተደራጅተው በተራ ነው የሚሠሩት። አንድ ዓሣ አጥማጅ ማለት አንድ ደሞዝ ሳይሆን አራት አምስት ትንንሽ ገቢ ማለት ነው።

ታዲያ ሮቢ ወንዝ ላይ ብንለቀውስ?

ይሄን ሐሳብ የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። መልሱን ለማወቅ ከአዲስ አበባ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚሄድ መኪና ላይ ከተሳፈሩ ሰዎች በላይ ምስክር የለም። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ስትደርሱ ጉሙና ብርዱ ጃኬት ያስለብሳል። ደብረ ሲናን አልፋችሁ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ስትጨርሱ ጃኬቱ ይወልቃል። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ መስኮት ክፈቱልን ነው።

ቁጥሩም ይሄንኑ ነው የሚለው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ናት። ከዲንሾ ጋር ሲነጻጸር ከ1,800 ሜትር ያላነሰ ዝቅ ትላለች። በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚለያይ፣ በከፍታ ብቻ 11 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። በዚያ ላይ በበጋ ውሃው ቀንሶ በጠፍጣፋ ድንጋይና አሸዋ ላይ ፀሐይ እየመታው ነው የሚፈሰው። ትራውት እዚያ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ላያመሽ ይችላል።

"እሺ፣ ከላይ ደጋው ላይ ባሉት ምንጮችስ?" ከተባለ፣ ብርዱ ሊኖር ይችላል። ግን ሌላ ነገር አለ። ቡናማም ቀስተ ደመናም ትራውት በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከታወቁት 100 የዓለማችን አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ትራውት ሥጋ በል ነው፤ በአገሩ ያልነበረበት ወንዝ ሲገባ የአካባቢውን ትንንሽ ዓሣ፣ እንቁራሪትና ነፍሳት ይጨርሳል። አንዴ ከለቀቃችሁት በኋላ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ማንም ሰው በጀሪካን ጫጩት ዓሣ ይዞ መጥቶ "ልማት ነው" ቢላችሁ ሐሳቡ ከባለሙያና ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሳያልፍ መንገድ አትስጡት።

የእነሱ ክረምትና የእኛ ክረምት

ሌላው ግራ የሚያጋባ ነገር ወቅቱ ነው። አሜሪካኖቹ ቪዲዮውን የሚቀርጹት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ለእነሱ ያ ወቅት ፀሐይ የሚሞቅበት፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ ወንዝ የሚጠራበት ጊዜ ነው። ለእኛ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ነው። ሮቢም፣ ጀውሃም፣ አጣዬም ቀይ ጭቃ ተሸክመው የሚጋልቡበት ጊዜ።

የሚገርመው እነሱም የራሳቸው ድፍርስ ወቅት አላቸው። በግንቦትና በሰኔ የተራራው በረዶ ሲቀልጥ ወንዞቻቸው ይሞላሉ፣ ያኔ ማጥመድ ከባድ ነው። ሐምሌ ላይ ይጠራል። በእኛ አቆጣጠር የእነሱ ሐምሌ ማለት ጥቅምትና ኅዳር ማለት ነው፤ ዝናቡ አቁሞ ውሃው ገና ሳይቀንስ የሚጠራበት ጊዜ። ይፋት ላይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በልግ ስላለ ደግሞ እንደገና ሊደፈርስ ይችላል። ስለዚህ ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው።

በክረምት ወንዝ ዳር መቆም የሕይወት ጉዳይም ነው። የይፋት ወንዞች ከመንዝና ከጣርማ በር ደጋ ነው የሚወርዱት። ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይ ሆኖ ከላይ ዝናብ ሊጥል ይችላል። ያ ውሃ ገደሉን ወርዶ በድንገት ይደርሳል። ደራሽ ውሃ ይባላል፤ የሚያስጠነቅቀው የውሃው ቀለም መቀየር፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መምጣት፣ ከሩቅ የሚሰማ ጉምጉምታ ነው። እነዚህን ስታዩ ዘንግም ጫማም ሳትሉ ወደ ከፍታ ውጡ። ጥሩ አስጎብኚ የሚለየውም እዚህ ጋ ነው።

ያለን ምንድን ነው?

ትራውት የለንም ማለት ዓሣ የለንም ማለት አይደለም። የአዋሽ ተፋሰስ ወንዞች ውስጥ አምባዛ አለ። ቀረሶ አለ፤ ብዙዎቻችን ቲላፒያ የምንለው። ነጭ ዓሣ የሚባለውም አለ፤ ትልልቅ ቅርፊት ያለው፣ በወራጅ ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ጠንካራ ዓሣ ነው።

ይሄ ነጭ ዓሣ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሳይንስ ላቤዎባርበስ ብሎ ከሚጠራው ወገን ነው። ጣና ሐይቅ ውስጥ ከዚሁ ወገን የሆኑ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ዝርያዎች ተለይተዋል፤ አጥኚዎችን ከሩቅ አገር የሚያመጣ ጉድ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ የዚህ ዘመድ የሆኑ ዓሣዎች በቫልና በኦሬንጅ ወንዞች አሉ። ትልቁ ዝርያ ከ20 ኪሎ በላይ ይደርሳል። የደቡብ አፍሪካ አጥማጆች ለብዙ ዓመታት የሚያከብሩት ከአውሮፓ የመጣውን ትራውት ነበር፤ የራሳቸውን ዓሣ እንደ ተራ ነገር ያዩት ነበር። ኋላ ላይ የገዛ ዓሣቸው ሲጎትት ከትራውት የማይተናነስ ጉልበት እንዳለው አዩ። ዛሬ በፍላይ ፊሺንግ ይሄን ዓሣ ለመያዝ አስጎብኚ የሚቀጥሩ ሰዎች አሉ፤ ይዞ መልቀቅም ልማድ ሆኗል።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። የሰው አገር ዓሣ ከማምጣት በፊት የራስን ወንዝ ማወቅ ይቀድማል። የይፋት ነጭ ዓሣ የደቡብ አፍሪካውን ያህል አይገዝፍም፣ ሮቢም ቫል አይደለም። ግን ሞቅ ያለ ውሃ ይችላል፣ የራሳችን ነው፣ ዝንብም ይጎርሳል።

ወንዙን ምን እየጎዳው ነው?

አሁን ወደሚያሳምመው ክፍል መጣን።

አንደኛ፣ መርዝ። ብርብራ የሚባለውን ዛፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲገባ የዓሣውን ሰውነት ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርገዋል። ዓሣው ውሃ ውስጥ እያለ ታፍኖ ይሞትና ይንሳፈፋል። መርዙ ትልቅና ትንሽ አይመርጥም። ለአንድ እራት የሚሆን ዓሣ ለመያዝ የመጪው ዓመት ጫጩት ሁሉ ያልቃል። አንዳንዱ ደግሞ ለሽንኩርት የተገዛ የተባይ ኬሚካል ነው የሚጨምረው። ያንን ዓሣ የሚበላው ሰው ነው፣ ያንን ውሃ የሚጠጣው ከብት ነው። በመርዝና በፈንጂ ማጥመድ በሕግ የተከለከለ ነው። አገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ካወጣች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። ዓሣ አጥምዶ መነገድም ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ አጎበር። ለወባ የተሰጠ አጎበር ወንዝ ላይ ሲዘረጋ ቀዳዳው በጣም ጠባብ ስለሆነ ጣት የማታክል ዓሣ እንኳ አታልፍም። አጎበሩ ደግሞ በፀረ ተባይ የተነከረ ነው፤ ይሄም ለዓሣ መርዝ ነው።

ሦስተኛ፣ ውሃው ራሱ። ሸዋ ሮቢትና ቀወት በመስኖ ነው የሚኖሩት። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ማንጎው፣ ሙዙ ውሃ ይፈልጋል። ሞተሩ በበጋ ከሁለቱም ዳር ሲስብ ወንዙ ወደ ተቆራረጠ ኩሬነት ይለወጣል። ገበሬው ሽንኩርቱን ይተው ማለት አይቻልም፤ ኑሮው ነው። ግን ከጥልቁ ኩሬ የመጨረሻውን ጠብታ አለመሳብ ይቻላል። ዓሣው ዝናብ እስኪመጣ የሚጠለለው እዚያች ኩሬ ውስጥ ነው።

አራተኛ፣ የመራቢያ ጊዜ። ነጭ ዓሣ ዝናብ ሲጥልና ወንዝ ሲሞላ ወደ ላይ እየዋኘ ሄዶ ጠጠር ባለበት ጥሩ ውሃ ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። ጣና ላይ ይሄ በደንብ ተጠንቷል፤ በክረምት ወራት ወደ ጉማራና ርብ ወደመሳሰሉ ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ሰዓት በአንድ ቦታ ተጨናንቀው ስለሚያልፉ መያዝ በጣም ቀላል ነው። ቀላል ስለሆነም ነው የሚያልቁት። እንቁላል የያዘች አንዲት ዓሣ መያዝ ማለት በሺዎች የሚቆጠር ዘር ማጥፋት ነው። አሸዋና ጠጠሩ ከወንዙ ሲዛቅም እንቁላል መጣያው አብሮ ይሄዳል።

መፍትሔው ከላያችን ነው ያለው

ከይፋት ቀና ብላችሁ ወደ ምዕራብ ስታዩ የሚታያችሁ የመንዝ ደጋ ነው። እዚያ ላይ የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አለ። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አለበት። ስሙን ያገኘው ከጓሳ ሣር ነው፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለብዙ ነገር የሚሆን ሣር።

የመንዝ ሰው ይህንን ሣር ለዘመናት የጠበቀው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ነው። ሥፍራው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል። ማንም አያጭድም፣ ማንም ከብት አያስገባም። ጊዜው ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፣ የመጠቀም መብት ያላቸውም ይጠቀማሉ። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። የሚጠብቀው ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሳይሆን ራሱ ባለቤቱ ነበር። በ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ ኋላ ላይ በአዲስ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። ዛሬ ጎብኚ ይሄዳል፣ የአካባቢው ሰዎች ያስጎበኛሉ፣ በቅሎና ፈረስ ያከራያሉ።

ይሄ ለወንዝ ቢሠራስ? ከሰኔ እስከ መስከረም የተወሰነ የወንዝ ክፍል ለዓሣ ይዘጋ። ዕድር አለን፣ የመስኖ ውሃ ተራ የሚያስጠብቁ የውሃ አባቶች አሉን። ደንብ ማውጣት የማናውቅ ሰዎች አይደለንም።

አንድ ወጣት ከየት ይጀምር?

ነገ ጠዋት ፈረንጅ ዘንግ ይዞ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ይወርዳል ብለን አንዋሻችሁም። አካባቢው ብዙ አይቷል። በ2013 አጣዬ ተቃጥላለች፣ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ መጥቷል፣ ከዚያም በኋላ የክልሉ ሰላም አልተረጋጋም። ቱሪስት የሚባል ነገር ሰላም ካልቀደመው አይመጣም። ግን ሰላም ሲመጣ የሚጠብቀው ወንዝ ደረቅ ከሆነ ያን ጊዜም ሥራ የለም። ስለዚህ አሁን የሚሠሩ፣ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ መዝግቡ። እጃችሁ ላይ ስልክ አለ። ዓሣ ስታዩ ወይም ስትይዙ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑንና ቦታውን፣ በስንዝርም ቢሆን ርዝመቱን ጻፉ። ርካሽ ቴርሞሜትር ከተገኘ የውሃውን ሙቀት ጠዋትና ከሰዓት ለኩ። አንድ ዓመት ሙሉ የተመዘገበ ደብተር ለዩኒቨርሲቲ አጥኚም፣ ለግብርና ጽሕፈት ቤትም፣ ለወደፊት ደንበኛም ወርቅ ነው። የሞንታናው አስጎብኚ የሚሸጠው ይሄንኑ እውቀት ነው።

ሁለተኛ፣ በትልቅ ቀዳዳ መረብ ወይም በመንጠቆ ብቻ ያዙ። ትንሹን ልቀቁት። ለበዓልና ለጾም ገበያ የሚሆነው ትልቁ ነው።

ሦስተኛ፣ ራሳችሁን ጠብቁ። በቆላ አካባቢ ቀስ ብሎ የሚፈስ፣ ቀንድ አውጣ ያለበት ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ መቆም ለቢልሃርዚያ ያጋልጣል። የቆማችሁበትን ቦታ ምረጡ፣ ምልክት ካያችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና ተመርመሩ፤ መድኃኒት አለው። ወደ አዋሽ በተጠጋችሁ ቁጥር ደግሞ አዞ እንዳለ አትርሱ።

አራተኛ፣ ክህሎቱን ተማሩ። የውሸት ዝንብ ለመሥራት የዶሮ ላባ፣ ክርና ትንሽ መንጠቆ ይበቃል። አሠራሩ ዩቲዩብ ላይ በነፃ አለ። መዋኘት፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ ትንሽ እንግሊዝኛ፣ የወፍና የዛፍ ስም ማወቅ ለዓሣ አጥማጅ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ጎብኚ ይሠራል። የይፋት ታሪክ ራሱ፣ ከመካከለኛው ዘመን ሱልጣኔት ጀምሮ፣ የሚያስጎበኝ ነው።

ትራውቱ ባሌ ይኑር፤ ብርዱ ተመችቶታል። እኛ ጋ ያለው ነጭ ዓሣ ነው፣ እሱም የሚኖረው ጥልቅ ኩሬ ከተረፈለት፣ ክረምት ላይ ካልታደነና ብርብራ ካልተወቀጠበት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ጓደኛችሁ አጎበር ይዞ "ወንዝ እንውረድ" ካላችሁ ይህንን ጽሑፍ አሳዩት። እምቢ ካላችሁም ጥሩ ነው፤ ግን ከዚያ በፊት በመንጠቆ እንዴት እንደሚያዝ አስተምሩት።